500 ሰው ካልሞላችሁ አስፋልት የለም፦ የህንድ ገጠር መንደር፣ የሰው ቁጥሩና መንገዱ

ባለካርታዋ | ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ፣ ቢሃር ውስጥ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ትምህርቴ ጂኦግራፊ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ውስጤ የቀረ አንድ ጉዳይ አለ። ዛሬ ላውራችሁ።

የህንድ ሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ዲስትሪክት አንድ መጽሐፍ ያወጣል። ዲስትሪክት የእኛን ዞን በሉት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዷ መንደር አንድ መስመር አላት። ስሟ፣ ባለ ስድስት አኃዝ መለያ ቁጥሯ፣ የመሬቷ ስፋት በሄክታር፣ የአባወራው ብዛት፣ የሰዉ ብዛት። ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ፖስታ ቤት፣ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አስፋልት ይመጣል። መንደሯ ውስጥ ካለ "አለ" ይላል። ከሌለ በፊደል ነው የሚጻፈው። "ኤ" ማለት 5 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይገኛል። "ቢ" ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር። "ሲ" ከ10 በላይ።

መጀመሪያ ሳየው ደረቅ ሰንጠረዥ ነበር የመሰለኝ። አንድ ቀን አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እናቷ ያደጉበትን መንደር አገኘችና መስመሩን በጣቷ እየተከተለች "ሲ፣ ሲ፣ ሲ" ብላ አነበበችልኝ። ከዚያ "ይቺኛዋ ሲ የእናቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ናት፤ አልሄደችም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ህንድ ውስጥ ከ640,000 በላይ መንደሮች አሉ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ 833 ሚሊዮን ሕዝብ ገጠር ነው የሚኖረው። መንገድ ሁሉም ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ግን ለሁሉም በአንዴ አይደርስም። ታዲያ ማን ይቅደም? በታኅሣሥ 2000 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ፕራድሃን ማንትሪ ግራም ሳዳክ ዮጃና የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ዕቅድ ማለት ነው። መስፈርቱ የሰው ቁጥር ሆነ። ሜዳ ላይ ያለ ሰፈር 500 ሰው ካለው መንገድ ይገባዋል። ተራራ፣ በረሃ ወይም የጎሳ አካባቢ ከሆነ 250 ይበቃዋል። 499 ከሆነ ይጠብቃል።

ይሄን ሳስብ ሁሌ የምትመጣብኝ ጌህላውር ናት። ጋያ ዲስትሪክት ውስጥ ያለች መንደር ናት። አንድ ቋጥኝ የሆነ ኮረብታ ከዋዚርጋንጅ ወገን ለይቷት ነበር። ገበያውና ሐኪሙ በዚያ ወገን ነው። ዳሽራት ማንጂ የሚባል የቀን ሠራተኛ እዚያ ይኖር ነበር። ሚስቱ ፋልጉኒ ዴቪ ተጎድታ በጊዜ ሕክምና ሳታገኝ እንደሞተች ይነገራል። ሰውዬው በ1960 (እ.ኤ.አ.) መዶሻና መሮ ይዞ ኮረብታውን መፈልፈል ጀመረ። በ1982 ጨረሰ። ሃያ ሁለት ዓመት። የፈለፈለው ርዝመቱ 110 ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሜትር ያህል ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ከ7 ሜትር በላይ ወደ ታች ይገባል። ከኮረብታው ወዲህና ወዲያ ባሉት በአትሪና በዋዚርጋንጅ መካከል የነበረው 55 ኪሎ ሜትር ጉዞ ወደ 15 ወረደ።

ማንጂ ሙሳሃር ከሚባለው ማኅበረሰብ ነው። በቢሃር ከሁሉም በታች ተደርጎ የሚታይ፣ አብዛኛው መሬት የሌለው ሕዝብ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ መንገድን በሰው ቁጥር ማደል ልክ ነው ትላላችሁ? እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ሐሳባችሁን ስጡኝ።

---

መሐንዲስ ከደሴ | ሰኞ ማታ 3፡02

ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳሽው እህቴ። እኔ ዩራፕ ላይ፣ የአገራችን የገጠር መንገድ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የእኛ ዓላማ ቀበሌን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ማገናኘት ነበር። ቀበሌ ከሆንክ ተራህ ይደርሳል፤ ጭንቅላት አይቆጠርም። ህንዶቹ በሌላ በኩል ነው የሄዱት። መመሪያቸውን ለሥራ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር።

500 የሚባለው የመንደሯ ሰው አይደለም። የአንድ ሰፈር ሰው ነው። በቢሃር "ቶላ" ይሉታል። አንዷ መንደር በመዝገብ 2,000 ሰው ሊኖራት ይችላል። ግን አምስት ቦታ ተበታትና ከሆነ እያንዳንዱ ቶላ ለብቻው ነው የሚታየው። ደግሞ ከክረምት ከበጋ መንገድ ከ500 ሜትር በታች ርቆ ያለ ሰፈር "ተገናኝቷል" ተብሎ ይታለፋል። ተራራ ላይ ያለው ልኬት 1.5 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ቅርብ ለቅርብ ያሉ ሰፈሮችን ሰው ደምሮ ማስላትም ተፈቅዷል። ይሄ ለተራራው ሰው ጥሩ ውሳኔ ነው።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። የመንገዱ ስፋት 3.75 ሜትር ነው፤ መኪና የማይበዛበት ከሆነ 3 ሜትር። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የሠራው ተቋራጭ አምስት ዓመት እንዲጠግን በውሉ ይገባል። እኛ ጋ ስንት መንገድ ተመርቆ በሁለተኛው ክረምት እንደተቦረቦረ በዓይኔ አይቻለሁ። የውኃ መውረጃ ቱቦው በደለል ይደፈናል፣ ጎርፉ በላዩ ይሄዳል፣ አለቀ። ጠጋኝ የሌለው መንገድ ሦስት ዓመት አይቆይም።

---

ባለካርታዋ | ሰኞ ማታ 3፡20

መሐንዲስ ወንድሜ፣ ቶላውን ስላነሳህ አመሰግናለሁ፤ የነገሩ ሥር እሱ ነው። በቢሃር ዝቅ የተደረጉት ሰዎች ሰፈር ብዙ ጊዜ ከመንደሩ በስተደቡብ፣ ዳር ላይ ነው። "ዳክሂን ቶላ" ይሉታል፣ የደቡብ ሰፈር ማለት ነው። አስፋልቱ ትልቁ ቶላ ገብቶ ያበቃል። መዝገቡ ላይ መንደሯ መንገድ አላት። እነሱ ግን ጭቃውን ተሻግረው ነው የሚደርሱበት።

---

ጋሼ ቆጣሪ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡45

ልጄ፣ እኔ በ1999 ዓ.ም. በእኛው ቆጠራ ላይ ተሳትፌአለሁ። አንድ ሙያዊ ጥያቄ አለኝ። ህንዶች የሚቆጥሩት በየትኛው ወር ነው? እኛ ግንቦት ላይ ስንቆጥር ቤት ዘግቶ የሄደ ሰው አታካች ነበር። ሦስቴ ተመላልሼ ያጣሁት ቤት ነበር። የቆጠራ ውጤት ግማሹ የወሩ ጉዳይ ነው።

---

ባለካርታዋ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

ጋሼ፣ የልቤን ነው የጠየቁኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

በ2011 የቆጠሩት ከየካቲት 9 እስከ 28 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቤት የሌላቸውን በመጨረሻዋ ሌሊት ጎዳና ለጎዳና ዞረው ቆጥረዋል። በእነዚያ ሃያ ቀናት ቤቱ ያልነበረ ሰው በተገኘበት ነው የሚቆጠረው።

አሁን የቢሃርን የካቲት አስቡት። ከኅዳር አካባቢ ጀምሮ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ የጡብ ማቃጠያው ወቅት ነው። "ብሃታ" ይሉታል። መሬት የሌለው ሰው ቀብድ ተቀብሎ ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። ባል ጭቃ ያቦካል፣ ሚስት ጡብ ትመታለች፣ ልጆች ይደረድራሉ። ከሄዱት ብዙዎቹ ሙሳሃር ናቸው። ጋያ አካባቢ አንድ ቶላ በጥር መጨረሻ ሄጄ ነበር። በር ላይ እሾህ ተከምሮ ነው ያገኘሁት። ከአስር ቤት ሰባቱ እንደዚያ ነበር። አንዲት አሮጊት ፍየል እየጠበቁ ነበርና ሰዎቹ የት ሄዱ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ብሃታ" ብለው በእጃቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። በቃ።

እነዚያ ሰዎች በሚቀጥለው ወር ቢቆጠሩ ብሃታው ካለበት አገር ላይ ነው የሚደመሩት። ሰፈራቸው ያንሳል። 500 የሚሞላው 300 ይሆናል። መንገዱን በጣም የሚፈልጉት ሰዎች መንገድ ስለሌላቸውና ሥራ ስለሌላቸው ይሄዳሉ፤ ስለሄዱ ደግሞ አይቆጠሩም።

---

ጋሼ ቆጣሪ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡41

አሁን ገባኝ። ይሄ ከባድ ነው።

---

ሒሳብ ወዳድ | ማክሰኞ ቀን 7፡15

ሁላችሁም ያላችሁት ያሳዝናል፣ እቀበላለሁ። ግን ቁጥር ባይኖር ማን ይወስን ነበር? ያው የምክር ቤት አባሉ ነው። መንገዱ ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል። የ500 ሕግ ቢያንስ ማንም ሊያነበው የሚችል ሕግ ነው። የ520 ሰው ሰፈር ባለሥልጣን ጋ ሄዶ "እኔ እበልጣለሁ፣ ለምን ያንን አስቀደምክ?" ብሎ መከራከር ይችላል። ለድሃ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞ ሕጉ ለተመራማሪ ጠቅሟል። ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ከቁጥሩ በላይና በታች ያሉ ተመሳሳይ መንደሮችን አነጻጽረው መንገድ ምን እንደሚለውጥ ለክተዋል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። መንገዱ ከተሠራ ከአራት ዓመት በኋላ ዋናው ለውጥ ሰው ከእርሻ ሥራ ወጥቶ ሌላ ሥራ መያዙ ነው። ምርት ላይ፣ ገቢና ንብረት ላይ ግን ትልቅ ለውጥ አላዩም። ስለዚህ መንገድ ብቻውን መንደር ያበለጽጋል ብለን አንሸወድ። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ብዙ ሰው ያለበት ይቅደም። እኔ ቆራጥ ነኝ በዚህ።

---

አዋላጅ ነርስ | ማክሰኞ ማታ 1፡50

ሒሳብ ወዳድ ወንድሜ፣ ገቢና ንብረት ስትል እኔ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ደም የሚፈሳት ወላድ ሁለት ሰዓት ላይኖራት ይችላል። ይሄ ህንድም ኢትዮጵያም አንድ ነው።

ህንድ ውስጥ 108 የሚባል ነጻ አምቡላንስ አለ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሃይደራባድ ተጀምሮ ወደ ብዙ ክልሎች ደርሷል። ስልክ ይደወላል፣ ይመጣል። ግን አስፋልቱ ያበቃበት ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ሴቲቱን በቻርፓይ ነው የሚያመጧት። ቻርፓይ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ነው፤ የእኛ ጠፍር አልጋ በሉት። አራት ሰው አራቱን እግር ይዞ ይሸከማል። እኔም ጤና ጣቢያ ስሠራ በቃሬዛ የመጡ እናቶችን ተቀብያለሁ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች እጅ ይላጣል። ሰው ሲሸከሙ ሩጡ ማለት አይቻልም። የ300 ሰው ሰፈር ላይ ያለች እናት በስንተኛው ዙር ትድረስ? ይሄን መልስልኝ።

---

ሒሳብ ወዳድ | ማክሰኞ ማታ 2፡05

መልስ የለኝም። ለአምቡላንስ የሚሆን መንገድ በሌላ መስፈርት መታየት እንዳለበት እቀበላለሁ። ሰው ቆጥሮ ሳይሆን እስከ ሆስፒታል ያለውን ሰዓት ቆጥሮ።

---

ሪያድ ያለሁ | ማክሰኞ ማታ 4፡30

ሰላም። እኔ ሪያድ ሹፌር ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቢሃር፣ ሲዋን ነው አገሩ። የእሱ አካባቢ ሰው በሙሉ ገልፍ፣ ዓረብ አገር ነው ማለት ይቻላል። ይሄን ክር እያነበብኩ ተረጎምኩለት። ወዲያው ተነስቶ ተቀመጠ።

"በፊት ከባቡር ወርጄ ሻንጣዬን ተሸክሜ በሩዝ ማሳው መካከል ነበር የምሄደው። አሁን ቴምፖ በር ላይ ያወርደኛል" አለኝ። አስፋልቱ የደረሰው እሱ እዚህ እያለ ነው። እናቱ በቪዲዮ እያሳዩት ነው ያየው። አሳየኝ፤ ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና አይተላለፍም። ግን ክረምት አይበላሽም ይላል።

አንድ ነገር አስቂኝ ሆኖብኝ ልጠይቅ፦ እዚያ ባጃጅ ስል አልገባውም። ለምን?

---

ባለካርታዋ | ማክሰኞ ማታ 5፡00

ወንድሜ፣ ባጃጅ የኩባንያው ስም ነው፤ ፑኔ ያለ ፋብሪካ ነው። እዚያ ባጃጅ ብትል ብዙ ሰው ሞተር ሳይክል ነው የሚመስለው። ባለ ሦስት እግሩን "ኦቶ" ነው የሚሉት፤ ቢሃር ውስጥ ደግሞ "ቴምፖ"። ከመንደር ወደ ገበያ የሚያስኬደው እሱ ነው። በሦስት ሰው ወንበር ላይ አስር ሰው ይጫናል። ሹፌሩ ራሱ በግማሽ መቀመጫ ነው የሚነዳው፤ በግራና በቀኙ ሰው አለ። እኔ አንዴ የወተት ጣሳ ጭኔ ላይ ይዤ አርባ ደቂቃ ሄጃለሁ። ጣሳው የማን እንደሆነ እስክወርድ አላወቅኩም።

ስለ ሲዋን ያልከው እውነት ነው። ጎረቤቱ ጎፓልጋንጅ በ2011 ቆጠራ ለ1,000 ወንድ 1,021 ሴት ነበራት። የቢሃር አማካይ 918 ነው። ወንዶቹ የት እንዳሉ አንተ ታውቃለህ፤ አብረውህ ናቸው። ልዩነቱ የገልፍ ሰው ገንዘብ ይልካል፣ ድምፁ ይሰማል። የብሃታው ሰው ዕዳውን ሠርቶ ነው የሚመለስ።

ለልጁ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

---

የድሬ ልጅ | ረቡዕ ቀን 6፡20

ስለ ባቡር ማንም አላነሳም! እኔ ላንሳ።

ጉጃራት ውስጥ ጃምቡር የምትባል መንደር አለች፤ ታላላ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ጊር ሶምናት ዲስትሪክት። አብዛኛው ነዋሪ ሲዲ ነው። የአፍሪካ ዘር ያላቸው ህንዳውያን ናቸው፤ ጉጃራቲ ይናገራሉ፣ እስላሞች ናቸው። ከበሮ እየመቱ የሚጨፍሩት ጭፈራ "ጎማ" ይባላል። ታላላ ላይ የነበረው ባቡር ሜትር ጌጅ ነው። በሁለቱ ሐዲድ መካከል አንድ ሜትር። የእኛ የድሮው የድሬዳዋ ባቡር ሐዲድም ያው ልክ አንድ ሜትር ነበር። አያቴ እዚያ መካኒክ ነበሩ፤ ለዚህ ነው የማውቀው።

መስመሩ በጊር ደን ውስጥ ያልፋል። ጊር ማለት የእስያ አንበሳ በዱር የቀረበት ብቸኛው አካባቢ ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ 891 አንበሳ አለ። አያችሁ፣ አንበሳውም ተቆጥሯል። ሐዲዱን ማስፋት፣ ባቡሩን ማፍጠን ሲባል አንበሳው ይነሳል። ለመንደሩ ሰው ባቡሩ የማንጎ ገበያ ነው፤ ታላላ በኬሳር ማንጎ የታወቀች ናት። ለአንበሳው ግን ሞት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

የእኛ ሰዎች ስለሆኑ ነው የጻፍኩት። ሐበሾች ናቸው።

---

ባለካርታዋ | ረቡዕ ቀን 7፡00

የድሬ ልጅ፣ በጣም ጥሩ ጨመርክ። አንዷን ብቻ ላርም። ሲዲዎች ሁሉም ከእኛ አይደሉም። አብዛኞቹ ቅድመ አያቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ ባንቱ ሕዝቦች ናቸው። ከሐበሻ የሄዱ ነበሩ፤ ማሊክ አምባር አንዱ ነው፤ በ1626 (እ.ኤ.አ.) የሞተው፣ በዴካን አገር ያስተዳደረው። የጃምቡርን ሰው ግን ከእሱ ጋር በቀጥታ ማያያዝ አይቻልም። የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ እሱን እናክብርላቸው።

ደግሞ ሲዲዎች ካርናታካ ውስጥም አሉ፤ ኡታራ ካናዳ በሚባል ዲስትሪክት፣ ደን ውስጥ። ጃምቡር ሰብሰብ ያለች መንደር ናት። የካርናታካዎቹ ግን ጥቂት ጥቂት ቤት ሆነው በየዛፉ ሥር ነው የተበተኑት። ለእንደዚህ ያለ አሰፋፈር የ250ም ቁጥር ሩቅ ነው።

---

ደህራዱን የተማረ | ረቡዕ ማታ 1፡10

እኔ የተማርኩት ኡታራካንድ ነው፤ ሂማላያ ሥር። እዚያ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያየሁት። መንገዱ ተራራውን ጠምዝዞ ይደርሳል፤ ሰውየው በዚያው መንገድ ዕቃውን ጭኖ ይወርዳል። ፓውሪና አልሞራ የሚባሉት ሁለት ዲስትሪክቶች በ2001 እና በ2011 (እ.ኤ.አ.) መካከል ሕዝባቸው ቀንሷል። ህንድ ውስጥ ሕዝብ ሲቀንስ አስቡት! በክልሉ ከ1,000 በላይ መንደር ሰው አልባ ሆኖ ነው የተመዘገበው።

በድሮው የመሬት መዝገብ ሰው የሌለበትን መንደር "ቤ ቺራግ" ይሉታል። ኩራዝ የሌላት ማለት ነው። አንዱን አይቻለሁ። የድንጋይ ቤቶቹ ቆመዋል፣ ጣሪያው ገብቷል፣ በረንዳው ላይ የበቀለ የሎሚ ዛፍ ፍሬ ይዟል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ ለመሬት ጉዳይ ነው የመጣሁት አሉኝ።

ስለዚህ ባለካርታዋ፣ መንገድ ብቻውን ሰው አያቆይም። ትምህርት ቤቱና ሐኪሙ አብሮ ካልወጣ መንገዱ መውረጃ ነው የሚሆነው።

---

መሐንዲስ ከደሴ | ረቡዕ ማታ 2፡00

ይሄ ልክ ነው። ግን ሰው መውረድ ከፈለገ የመውረድ መብት አለው። መንገድ ከልክለን ሰው እናቆይ ማለት አንችልም።

---

ባለካርታዋ | ረቡዕ ማታ 3፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳቤ ትንሽ ተስተካክሏል። ሒሳብ ወዳድ ያለውን እቀበላለሁ፤ የተጻፈ ቁጥር ካልተጻፈ ፈቃድ ይሻላል። ቅሬታዬ ቁጥሩ የቆየ መሆኑና የሚሰበሰብበት ወር ላይ ነው።

አሁን አዲስ ዙር አለ። በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) አራተኛው ምዕራፍ ጸድቋል። 25,000 ሰፈሮች፣ 62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ። ለሜዳው ያው 500 ነው፤ ለሰሜን ምሥራቅና ለተራራማ ክልሎች 250፤ ግጭት ለነበረባቸው ዲስትሪክቶች 100። መቶ ድረስ መውረዱ ትልቅ ነገር ነው። ግን የሚቆጠረው በ2011 ቁጥር ነው። በ2021 ሊደረግ የነበረው ቆጠራ በኮቪድ ተላልፎ፣ ሲገፋ ቆይቶ፣ አሁን ማርች 1 ቀን 2027 ላይ ሆኗል። በ2011 የተወለደ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ይሆነዋል ማለት ነው። ጋሼ ቆጣሪ፣ የእኛም ከ1999 ወዲህ አልተቆጠረም፤ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የአዲሱም ዋና ቆጠራ የካቲት ላይ ነው። ብሃታው ያኔም ይቃጠላል።

---

ጋሼ ቆጣሪ | ሐሙስ ጠዋት 1፡30

ቆጣሪዎቹን ብሃታው ድረስ መላክ ይቻላል። እያንዳንዱን "መንደርህ የት ነው?" ብሎ ጠይቆ ለብቻ መመዝገብ ነው። አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው የሚፈልገው። እኛም ለዘላኑ ወገናችን የተለየ ዘዴ ተጠቅመናል።

---

ተጓዥ ነኝ | ሐሙስ ማታ 1፡00

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በሚቀጥለው ኅዳር ለሥራ ጋያ እሄዳለሁ። ጌህላውርን ማየት እፈልጋለሁ። እንዴት ነው የሚደረሰው?

---

ባለካርታዋ | ሐሙስ ማታ 1፡25

ከጋያ በኪዩል መስመር በሚሄደው ባቡር ተሳፈርና ዋዚርጋንጅ ውረድ። ከጣቢያው ስትወጣ ቴምፖዎቹ ቆመው ታገኛቸዋለህ። "ጌህላውር" ካልክ ይገባቸዋል። ማንጂ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነሐሴ ውስጥ ነው የሞተው፤ ክልሉ በመንግሥት ሥርዓት ቀብሮታል፤ መታሰቢያው እዚያው መንደሩ ነው።

የተፈለፈለው ቦታ ስትደርስ ቴምፖውን አስቁምና ውረድ። ቀስ ብለህ በእግርህ እለፍ። ግድግዳውን በእጅህ ዳሰው፤ የመሮው ጭረት አሁንም ይሻክራል። እኔ ስሄድ አንዲት ሴት የሣር ሸክም ይዛ በመካከሉ እያለፈች ነበር። ቀና ብላም አላየችውም፤ ለእሷ የቤቷ መንገድ ነው።

ኅዳር ቀኑ አጭር ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ተመላሽ ቴምፖ አይገኝምና ቀደም ብለህ ተነስ።